አህያ በጣም የሚወዱት አከራይ

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ እርጉዝ አህያ የሚከራይ ቤት ፍለጋ ወጣች። መውለጃዋ ደርሷል። እሷስ ዝናቡን ለምዳዋለች፤ ያ ጀርባ ያልቻለው ነገር የለም። ውርንጭላዋ ግን ጭቃ ላይ እንዳይወድቅባት ስታስብ እንቅልፍ አጣች።

መጀመሪያ ፍየል ዘንድ ሄደች። ፍየል ደህና ዋልሽ ሳትላት ስንት ቤተሰብ ናችሁ ብላ ጠየቀች፤ ሆዷን አየችና ቤቱ ተይዟል አለች። ከርከሮ ልጅ ያለው ተከራይ ግድግዳ ይቧጭርብኛል ብሎ በሩን ዘጋ። በሬ ደግሞ ልጁስ ባልከፋ፣ ያንቺ ድምፅ ግን አገር ያስበረግጋል አላት። እውነቱን ስለሆነ አልተቀየመችውም።

ቢቸግራት መልካው አጠገብ፣ ሾላ ሥር ወደሚቀመጠው ደላላ ወደ ቀበሮ ወረደች። ደላላን መቼም ታውቁታላችሁ፤ የሚያፈሰውን ጣራ ነፋሻ፣ ጨለማውን ጓዳ ለእንቅልፍ የሚመች ይላል። ቀበሮ ደግሞ የደላሎች ሁሉ መምህር ነው።

«እትዬ አህያ፣ ዕድለኛ ነሽ» አላት። «ሰፊ የዋሻ ቤት አለኝ። አከራዩ ብቸኛ ሽማግሌ ናቸው። አህያ በጣም ይወዳሉ።»

«ልጅስ?» አለች አህያ ፈራ ተባ እያለች።

«ልጅማ ነፍሳቸው ነው። እንዲያውም መንታ ቢሆንልሽ ደስታውን አይችሉትም።»

አህያ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ልጅ የሚወድ አከራይ አለ ሲባል በዕድሜዋ ሰምታ አታውቅማ። መንገድ ላይ ቀበሮ አንዲት ነገር ጣል አደረገ፦ በቤቱ ደንብ በር ከውስጥ አይቀረቀርም፤ ሽማግሌው ብቅ እያሉ የተከራያቸውን ደህንነት ማየት ይወዳሉ። አህያ ምን ቸገረኝ፣ የሚሰረቅ የለኝ አለች።

ቤቱ በእርግጥም ደረቅና ሰፊ ነው። በሩ ወፍራም የወይራ ሳንቃ፣ ከውስጥ በኩል ደግሞ መቀርቀሪያው አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። አከራዩ ብርሃን ዓይኔን ያመኛል ብለው እስከ አፍንጫቸው ጋቢ ተከናንበው ጥግ ይዘዋል። ስሟን አልጠየቋትም። ከየት መጣሽም አላሏትም። የጠየቋት መቼ እንደምትወልድና ውርንጭላ በስንት ጊዜ እንደሚወፍር ነው። አህያ ይህን ርኅራኄ ብላ፣ እየተቅለሰለሰች ሁሉንም መለሰች።

ቀጥለው «መሬቱ ቀዘቀዘኝ፤ ቁርበት አንጥፉልኝ» አሉ። አህያ አንጀቷ ራራ። ከጀርባዋ የማትለየውን የጭነት ቁርበት አውርዳ አነጠፈችላቸው።

ቀበሮ የውሉን ነገር ማነብነብ ያዘ። አህያ እየሰማች ዓይኗ ቁርበቱ ላይ ቢያርፍ፣ አጥሯል። እኔ ነኝ የተሳሳትኩ ብላ ዞር ብላ ብታይ፣ ግማሹ የለም። በጋቢው ውስጥ መንጋጋ ይንቀሳቀሳል። ቀበሮ በክርኑ ጎሰም ጎሰም ቢያደርጋቸው፣ ወይ ፍንክች። ለካስ ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ሲባል ከልጅነቷ የሰማችው አያ ጅቦ እሱ ራሱ ነው። አህያ በጣም ይወዳሉ የተባለውም ውሸት አልነበረም።

ብትሮጥ በዚያ ሆድ የትም አትደርስ። ውርንጭላው በውስጧ ሲራገጥ ተሰማት። በሩን አየች፤ መቀርቀሪያውን አየች። ዋሽታ የማታውቀው አህያ ያን ቀን ዋሸች።

«አባባ፣ ቤቱን ወድጄዋለሁ» አለች። «ሦስት እህቶቼም እንደኔው እርጉዞች ናቸው፤ መልካው ላይ ከነዕቃቸው ቆመው ይጠብቁኛል። እኔ ቤቱን ልጥረግ፣ እናንተ ብታመጡልኝስ?»

ጅብ ሦስት የሚለውን ሲሰማ ቁርበቱን እንዳንጠለጠለ ተነሣ። ቀበሮ ነገሩ ስላልጣመው አንዳችን እንቅር ሊል አፉን ከፈተ። ጅብ ግን አንተ ካላሳየኸኝ ያመልጡኛል ብሎ በጆሮው እየጎተተ ይዞት ወጣ። ሆድ ከቸኮለ ምክር የት ይሰማል።

አህያ በሩን በትከሻዋ ገፋች። መቀርቀሪያውን በጥርሷ ይዛ ጎተተችና ግጥም አድርጋ ቀረቀረችው።

መልካው ላይ እህት የሚባል የለም። ጅብ እየበረረ ተመልሶ በሩን ቢገፋ ወይራው ንቅንቅ አላለም። ይሄኔ አህያ በሬ የፈራውን ያን ድምፅ ለቀቀችው። ሸለቆው ተናወጠ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ምን መጣ ብሎ ወጣ። ጅብም ዓይን ሲበዛበት ጅራቱን ወሽቆ ቁልቁል ሄደ፤ በዚያው ቀረ።

ሁሉም ሲበተን ኤሊ ቀስ ብላ መጥታ በሩን አንኳኳች። ቤቱ ለካ የጃርት ኖሯል። ጃርት አገር ሲለቅ ለኤሊ አደራ ሰጥቷት፣ ጅብ አስፈራርቷት ነው የገባበት። እሷም ቤቱን እንደ ራሱ አድርጎ የሚይዝ ተከራይ ስትፈልግ ከርማለች። እንደ ወጉ ስንት ቤተሰብ ነሽ ብላ ጠየቀች።

«ዛሬ አንድ፣ ሰሞኑን ሁለት» አለች አህያ።

ኤሊ ጥቂት አሰበችና በይ ቀርቅረሽ እደሪ አለቻት።

ውርንጭላው የተወለደው የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ በጣለ ቀን ነው። ውጭው ጎርፍ፣ ውስጡ ደረቅ። አህያ ልጇን እየላሰች የዝናቡን ድምፅ አዳመጠች፤ እንዲያ ደስ ብሏት አያውቅም።

በሦስተኛው ቀን በሩ ተንኳኳ። ቀበሮ ነው። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ቤቱን ያሳየሁሽ እኔ አይደለሁም ወይ፣ የድለላዬን ስጪኝ አለ።

አህያ መቀርቀሪያውን አልነካችም።

«አህያ በጣም ይወዳሉ ያልከኝ ሽማግሌ አሉ አይደል?» አለችው ከውስጥ ሆና። «ሂድና ከእሳቸው ተቀበል። ቀበሮም ሳይወዱ አይቀሩም።»

ከዚህ የምንማረው፣ «በጣም ይወዱሻል» ሲሉን ከመደሰታችን በፊት «እንዴት አድርገው?» ብለን መጠየቅ እንዳለብን ነው።