ጸጥ ያለው የአህዮች መንደር

አንድ ጊዜ አያ አንበሳ እንቅልፍ አጥቶ ከማዛጋቱ ብዛት አፉ ውስጥ ወፍ ጎጆ ሠራችበት። ጅብና አህያ ተደባልቀው ሰፍረው ስለነበር የአህያ ጩኸት አላስተኛውም። ሸንጎ ተጠራ። ሸንጎው ከመርዘሙ የተነሣ በተቀማጮቹ ጀርባ ላይ ሣር በቀለ፤ ፍየልም ያንን እየጋጠች «ተስማምቻለሁ» አለች። በመጨረሻ ደንብ ወጣ፦ ጅቦች ከወንዙ ማዶ፣ አህዮች ከወዲህ ይስፈሩ፤ መሀላቸው የእሾህ አጥር ይቁም። አጥሩን አያ ጅቦ ይጠብቅ። ደንቡ መሥራቱን ደግሞ አያ ቀበሮ በዓመት አንድ ቀን ኮረብታ ላይ ወጥቶ፣ ጆሮውን አቁሞ ያረጋግጥ፤ ጩኸት ከቀነሰ ደንቡ ሠርቷል ማለት ነው።

ጩኸቱም በየዓመቱ ቀነሰ።

በመንደሩ አንዲት አህያ ከውርንጭላዋ ጋር ቀረች። ወሬ ልታወራ ጎረቤት ብትሄድ የተቀበላት ሰኮና ብቻ ነው። አጥሩ ሥር ግመል ከነጭነቱ የሚያሳልፍ ቀዳዳ አየች። ልጇን በሣር ክምር ሸፍና ወደ ሸንጎው ገሠገሠች።

ስትደርስ ቀበሮ ይናገራል። «ጌቶቼ፣ ትናንት ኮረብታው ላይ ሆኜ ዝንብ ስታስነጥስ ሰማሁ፤ አህያ ግን አልሰማሁም።» ሸንጎው አጨበጨበ።

«ከየት ይጩኹ፣ ተበልተው» አለች አህያ። «ውረዱና እዩት። የቀረነው እኔና ልጄ ነን። እዚህ ላይ፣ በጎች በሰፈሩበት እንድንሰፍር ፍቀዱልን።»

«አያ ጅቦ፣ ነገሩ እንዴት ነው?» አለ አንበሳ።

ጅብ ከንፈሩን ላሰ። «ሁሉም ደህና ነው ጌታዬ። የበቀደሟ ብቻ ጨው አነሳት።»

ዝንጀሮ ብብቱን አከከ። አህያ «አሁንስ ሰሙ» ብላ ልቧ ሞቅ አለ።

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «አህዮቹ ጨው ያንሳቸዋል ማለቱ ነው። እንዲህ ነው አሳቢ ጠባቂ። አሞሌ ይላክላቸው።»

«ኧረ እኔስ ያልኩት…» ሲል ጅብ፣ ቀበሮ እግሩን ረገጠው።

«የመስፈሬስ ነገር?» አለች አህያ።

«እመት አህያ፣ አንቺን ከዚያ ካወጣን ደንቡ አልሠራም ሊባል ነው እኮ» አለ ቀበሮ።

«እኔስ ታዲያ?»

«አንቺማ አለሽ። መኖርሽ ራሱ ለደንቡ ምስክር ነው። በይ ሂጂ እታለም፤ ብቻ አደራ፣ እንዳትጮኺ።»

አንበሳ አዛጋ። አሞሌው እንዲሰጥ፣ ተሸክሞም እንዲያደርሰው አያ ጅቦ እንዲታዘዝ ተወሰነ።

አህያ ከፊት፣ ጅብ ጨዉን እየቀመሰ ከኋላ ወረዱ።

«ልጅሽ አደገ እንዴ?» አላት በመንገድ።

እርምጃዋን አፈጠነች። የሣር ክምሩ ዘንድ ሲደርሱ ግን እንደዚያ ቀን ጮኻ አታውቅም፤ ድምፅዋ ሰባት ተራራ ተሻግሮ የስምንተኛውን ድንጋይ አንከባለለ። ቀበሮ ግን ጆሮውን የሚያቆመው በዓመት አንድ ቀን ነው፤ የዘንድሮው ደግሞ ትናንት አልፏል።

ከዚህ የምንማረው፣ ያወጣውን ደንብ በእግሩ ወርዶ የማያይ ሸንጎ የሙታንን ዝምታ እንደ ምስጋና እንደሚቆጥረው ነው።