ግድግዳውን ገምግሙት

አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። ስሙንም ከተማውንም አልናገርም፤ ብናገር "እኛን ነው የነካኸው" ብሎ የሚነሳብኝ ብዙ ነው። በዚያ መሥሪያ ቤት በጸሐፊዋ ክፍል ውስጥ የላፕቶፕ ቻርጀር አይበረክትም ነበር። አዲስ ይመጣል፣ ሁለት ወር ያህል ይሠራል፣ ከዚያ የተቃጠለ ጎማ ይሸትና ጸጥ ይላል።

መጀመሪያ የተቃጠለባት ትርንጎ የምትባል ጸሐፊ ናት። ኃላፊው አቶ ጥላዬ ወዲያው ስብሰባ ጠሩ። በዚያ ቤት ዕቃ ሲበላሽ ብሎን መፍቻ የሚያነሳ የለም። ስብሰባ ይጠራል፣ ግምገማ ይካሄዳል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። ትርንጎን "ግለ ሂስ አድርጊ" አሏት። ምስኪን፣ ተነስታ "የአያያዝ ጉድለት አለብኝ" አለችና ፈረመች። ሁለተኛው ሲቃጠል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ፋይሏ ውስጥ ገባ፤ እሷም ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወረች።

በእሷ ቦታ በላቸው የሚባል ጠንቃቃ ሰው ተተካ። ቻርጀሩን እንደ አራስ ልጅ በጨርቅ ጠቅልሎ ነበር የሚያስቀምጠው። የእሱም ተቃጠለ። "ትርንጎ እንኳ ጥፋቷን አምናለች፤ አንተ ምን ቤት ነህ?" ሲሉት ሂሱን ዋጠ፣ ደብዳቤውን ፈርሞ ተቀበለ፣ አፍሮም ሥራውን ለቀቀ። አቶ ጥላዬም "አሁንስ በዛ! ከእንግዲህ ሁለት ቻርጀር ያቃጠለ ይሰናበታል" ብለው ደነገጉ።

ሦስተኛዋ አስካለ ናት። የታመሙ አባቷን የምታስታምመው በዚያ ደመወዝ ስለሆነ ሥራዋን እንደ ዓይኗ ብሌን ነበር የምትጠብቀው። የመጀመሪያው ቻርጀር ሲቃጠልባት ግን ስብሰባ እስኪጠራ አልጠበቀችም። ይዛው ገበያ ወረደችና ለአንድ ጠጋኝ ሰጠችው። ጠጋኙ ፈቶ አየው።

"ገመዱ አልተቆረጠም፣ አንገቱም አልታጠፈም" አላት። "የነደደው ውስጡ ነው። ይሄ የእጅ ጥፋት አይደለም እህቴ፤ መብራቱ እየተቆራረጠና እየዘለለ ሲገባበት ነው እንዲህ የሚሆነው። ሶኬቱን አሳዪ።"

አስካለ ሄዳ ለአቶ ጥላዬ ነገረቻቸው። እሳቸውም "ግድግዳ ምን ያጠፋል? የሚያጠፋ ሰው ነው!" ብለው መለሷት። እውነቱን ልንገራችሁ? ሕንፃውን ሲረከቡ "ምንም ጉድለት የለበትም" ብለው የፈረሙት ራሳቸው ናቸው። ሶኬቱ ከተፈታ ፊርማቸው አብሮ ሊፈታ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

ሁለተኛው ቻርጀር ተቃጠለ። ሠራተኛው በሙሉ አዳራሽ ገባ። አጠገቧ የተቀመጡት ወይዘሮ ዘርፌ በክርናቸው ጎሸም አደረጓትና "ልጄ፣ ዝም አይነቅዝም። ተሳስቻለሁ በይ፣ ይቅርታ ጠይቂ፣ ይምሩሽ ይሆናል" ብለው አንሾካሾኩ።

አስካለ ተነሳች። "ጥፋት የለብኝም። ግለ ሂስም አላደርግም" አለች።

አዳራሹ ጉድ አለ። አቶ ጥላዬ ጠረጴዛውን መቱት። "ምን አልሽ? ካንቺ በፊት የነበሩት አምነው የፈረሙትን?"

"እነሱ ስለፈረሙ ነው እኔ ዛሬ እዚህ የቆምኩት። አምስት ቻርጀር በሦስት ሰው እጅ ተቃጠለ። ሦስታችንም ተገመገምን። እስቲ ደግሞ ግድግዳውን ገምግሙት!"

አንዳንዱ ሳቁን በእጁ አፈነ። አቶ ጥላዬ ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። "የኔ ቻርጀር ሁለት ዓመት ሙሉ ሲሠራ ምነው ያልተቃጠለ? አያያዝ ስለማውቅ ነው!"

"እንግዲያው ወንበር እንቀያየር" አለች አስካለ። "እርስዎ ከነቻርጀርዎ እኔ ክፍል ይግቡ። እኔ አዲሱን ቻርጀር ይዤ እርስዎ ክፍል ልሥራ። ሁለት ወር ብቻ። በእርስዎ እጅ ደህና ከሰነበተ ስንብቴን ቆሜ እፈርማለሁ።"

ወይዘሮ ዘርፌ "ወይ መድኃኔ ዓለም፣ ልጅቷ አበደች" ብለው አማተቡ። እምቢ ማለት ደግሞ ለአቶ ጥላዬ በሰው ፊት መሸነፍ ሆነባቸው። "አያያዝ ምን እንደሆነ አሳይሻለሁ!" አሉና ተነሱ።

አሳዩአታ! ሶኬቱን ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በፎጣ ያደርቃሉ፣ ገመዱን ቀጥ አድርገው ይዘረጋሉ፣ የሚያልፈውን ሁሉ "እንዳትረግጡት" እያሉ ይቆጣሉ። አስካለም በእሳቸው ክፍል ሥራዋን ትሠራለች፤ ቻርጀሯ ምንም አልሆነም። ሌላው ሠራተኛ በየቀኑ አፍንጫውን ቀስሮ ይጠብቃል። በአርባኛው ቀን፣ ከምሳ መልስ፣ ያ የተቃጠለ ጎማ ሽታ ኮሪደሩን ሞላው።

አስካለ ሮጣ መጣች። አቶ ጥላዬ የሞተውን ቻርጀር በእጃቸው ይዘው ቆመዋል።

"ፎርጅድ ነው!" አሉ።

"ሁለት ዓመት እርስዎ ክፍል ሲሠራ ኦሪጅናል የነበረው፣ እዚህ ሲመጣ ነው ፎርጅድ የሆነው?" አለቻቸው።

የመብራት ሠራተኛ ተጠራ። ሶኬቱን ሲፈታው ውስጡ ከሰል ሆኗል፤ ሽቦውም ከማሰሪያው ላልቶ ወዲህና ወዲያ ይወዛወዛል። "ቻርጀር ብቻ ስለበላ አመስግኑ፤ ቤቱን ከነሰዉ ይበላው ነበር" አላቸው። አዲስ ሶኬት ገጥሞ፣ ሽቦውን አጥብቆ ለመሄድ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም። ግማሽ ሰዓት! ለዚህች ነው እንግዲህ ሰው አፍሮ ከሥራው የወጣው። ይሄን ስጽፍ ደሜ ይፈላል።

በማግሥቱ ሌላ ስብሰባ ተጠራ። አቶ ጥላዬ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና "አስካለ ጥፋት አልተገኘባትም። ደብዳቤ አይጻፍባትም። ተቀመጪ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ይዘጋል" አሉ።

"አልቀመጥም" አለች አስካለ።

"ደግሞ ምን ቀረሽ?"

"የትርንጎና የበላቸው ደብዳቤም ይነሳ። ጥፋተኛው ሶኬቱ እንደነበረ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ።"

"አንቺ ሴት፣ ነገር አታብዢ! ነፃ ወጣሽ አይደል? የሄደ ሄዷል።"

"ሽቦው ተጠግኗል። ሰዎቹስ? እነሱ ሳይነጹ እኔ ብቻ ነፃ ብወጣ ምኑን ነፃ ወጣሁት? ከፈለጉ ያሰናብቱኝ እንጂ አልቀመጥም።"

ያኔ ዝም በይ ያሏት ወይዘሮ ዘርፌ ነጠላቸውን አስተካክለው ብድግ አሉ። "እኔም አልቀመጥም። ያን ቀን ትርንጎ ስትፈርም እያየሁ ዝም ብያለሁ፤ ይቅር ይበለኝ" አሉ። አቶ ጥላዬ ግራ ቀኙን አዩ። የሚያግዛቸው ሲያጡ ብዕራቸውን አወጡና ጻፉ።

ትርንጎ ከግምጃ ቤት ተጠርታ ጥፋት እንደሌለባት የሚገልጽ ደብዳቤ ተነበበላት። ሰው ሁሉ እልል የምትል መስሎት ነበር። እሷ ግን እጆቿን እያየች "እኔ እኮ ከዚያን ቀን ወዲህ ቤቴም ውስጥ ሶኬት ነክቼ አላውቅም" አለች። "ስልኬን የምትሰካልኝ ልጄ ናት። እጄ ላይ አንድ ክፉ ነገር ያለ መስሎኝ ነበር።" አቶ ጥላዬ አቀርቅረው ቀሩ። በላቸውን ደግሞ ያለበትን የሚያውቅ ጠፋ፤ የእሱ ደብዳቤ የሚወስደው አጥቶ እስካሁን መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።

ወዳጆቼ፣ አንድ ነገር በአንድ ሰው እጅ ሲበላሽ ሰውየውን ብትጠይቁ አልቃወምም። በተተኪው እጅም ሲበላሽ ግን ሰው መቀያየሩን ተዉትና የተሰካበትን እዩ። ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ ነው። እናንተም "ለሰላም ብዬ" እያላችሁ ባላጠፋችሁት አትፈርሙ። ያች ፊርማ አብራችሁ ቤት ትገባለች፣ በገዛ እጃችሁ ላይ እምነት ታሳጣችኋለች፤ በዚህም አትበቃም፣ ከእናንተ ቀጥሎ ለሚመጣው ሰው መክሰሻ ትሆናለች። በእናንተ ቤት ግድግዳው ሳይነካ ስንት ሰው ተቀየረ? እናንተስ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ነበራችሁ?