አያ ጅቦ የሰረቀው ሬዲዮ

አንድ ጊዜ መንገድ ሊቀይሱ የመጡ ሰዎች ድንኳናቸውን ነቅለው ሲሄዱ፣ ሦስት የእጅ መገናኛ ሬዲዮዎች ወንዝ ዳር ረሱ። ቀበሮ ቁጥቋጦ ውስጥ ተሸሽጎ ቀያሾቹን ሲያይ ስለከረመ አጠቃቀሙን ያውቅ ነበር። ወዳጆቹን አህያንና ኤሊን ጠራ።

«ይህ ስልክ እንዳይመስላችሁ» አላቸው። «ካርድ አይሞላበትም፣ የማንም ፈቃድ አይጠየቅበትም። ቁልፉን ተጭናችሁ ትናገራላችሁ፣ ለቃችሁ ትሰማላችሁ። ዲጂታል ስለሆነ ሹክሹክታን ሳይቀር ጥርት አድርጎ ያደርሳል።»

ከዚያ ወዲህ ኑሯቸው ቀለለ። ኤሊ ወንዙ ዳር ሆና «ደራሽ ውሃ መጣ፣ አትሻገሩ!» ትላለች። ቀበሮ ከኮረብታው አናት «ሜዳው ሰላም ነው» ይላል። አህያም ሬዲዮዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ በየደቂቃው ቀና ሳትል ሣሯን ትግጣለች።

ነገሩ ያላማረው አያ ጅቦ ነበር። አድብቶ በቀረበ ቁጥር አህያ ታመልጠዋለች። ምስጢሩ ያ ጥቁር ዕቃ መሆኑን ሲደርስበት፣ አንድ ቀን ጠዋት ከኤሊ ላይ ነጥቆ ሮጠ።

አህያ ሜዳው ላይ ሳለች ሬዲዮዋ ማለክለክ ጀመረ።

«አሁን ጭጭ ብዬ አዳምጣለሁ» አለ የአያ ጅቦ ድምፅ። «የት እንዳለች ራሷ ትናገራለች። መጀመሪያ ታፋዋን፣ ከዚያ ጉበቷን፣ ጆሮዎቿን ለመክሰስ...»

አህያ ቀበሮን ልትጠራ ብትሞክር ጅቡ መስመሩን ይዞታል፤ አጥብቆ ሲጫነው የበለጠ የሚሰማ መስሎት መዳፉን ከቁልፉ ላይ አላነሳም ነበር። ሽቅብ ወደ ኮረብታው ጋለበች። ቀበሮን ሆዱን ይዞ ሲስቅ አገኘችው።

«ምን ያስቅሃል? ሊበላኝ እኮ ነው!»

«ጆሮሽን ለመክሰስ ማለቱ!» አለ እንባውን እየጠረገ። «ቆይ እህቴ፣ መዳፉን ያንሳ ብቻ።»

አያ ጅቦ ለሃጩን ሊጠርግ መዳፉን አነሳ። ቀበሮ ፈጠን ብሎ ቁልፉን ተጫነ።

«እህቴ አህያ፣ እግርሽ ከተሰበረ መሮጡ ይቅርብሽ። ዋርካው ሥር ያለው ዋሻ ገብተሽ ተኚ።»

አህያም ነገሩ ገብቷት «ገብቻለሁ፤ ወይኔ፣ ብሞትስ ማን ያየኛል?» ብላ አቃሰተች።

አንበሳ በቅርቡ እዚያ ዋሻ መግባቱን ቀበሮ ከኮረብታው አይቷል። አያ ጅቦ ግን ሆዱ እንጂ ሌላ ነገር አልታየውም። ሬዲዮውን አንገቱ ላይ አጥልቆ፣ ኮቴውን አጥፍቶ ዋሻው ውስጥ ገባ። ጨለማው ውስጥ አንድ ትልቅ፣ ሞቃት ነገር ይተነፍሳል። «እንዴት ሰብታለች!» ብሎ አፉን ከፈተ። ይሄኔ አንገቱ ላይ የቀበሮ ድምፅ አምባረቀ።

«አያ ጅቦ! ከታፋው ነው የምትጀምረው ከጉበቱ?»

አንበሳ ዐይኑን ገለጠ።

የሆነውን ለመስማት ሬዲዮ አላስፈለገም። አያ ጅቦ ሬዲዮውንና የጭራውን ግማሽ ትቶ ሲያነክስ ወጣ፤ አገር ጥሎ ጠፋ። ኮረብታው ላይ ሁለቱ ሲሳሳቁ፣ ሬዲዮው በወፍራም ድምፅ ተናገረ።

«ስለ ታፋዬ የጠየቀው ማነው?»

ቀበሮ ቁጥቋጦ ሥር ተወሸቀ። ቁልፉን የተጫነችው አህያ ናት።

«ጌታዬ፣ እኛ ጎረቤቶችዎ ነን። ሌባ ሲገባብዎ አይተን ነው የቀሰቀስንዎ።»

ከዚያ አንበሳ ጉሮሮውን ጠረገ። «ደግ አደረጋችሁ። ሬዲዮው እኔ ዘንድ ይቆይ፤ ነገም ሌባ ካያችሁ ጥሩኝ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሜዳውን ደፍሮ የረገጠ ጅብ የለም። ኤሊ ብቻ «ሬዲዮዬን ማን ያመጣልኛል?» እያለች አኩርፋ ሰነበተች፤ ዋሻው ድረስ ሄጄ ላምጣልሽ የሚላት ግን አልተገኘም።

ከዚህ የምንማረው የሌላውን ምስጢር ለመስረቅ የሚስገበገብ ሰው፣ ሳይታወቀው የራሱን ገበና ለሁሉ እንደሚያሰማ ነው።