ባዶዋን የምትመለስ በቅሎ

በእኛ አገር ሰው አሮጌ ዕቃ አንሥቶ ሊወረውር ሲል፣ ከጎኑ ያለው ሳቅ እያለ የሚናገራት አንዲት አባባል አለች። የተወለደችው በዋርካ ሥር ገበያ ነው፤ ምክንያቷም የአንድ ነጋዴ ኩራት ነው።

ነጋዴው ውባንተ ይባላል። ከሩቅ አገር ማረሻ በበቅሎ እያመጣ ይሸጥ ነበር። በዚያ ዘመን ከገበያ ዕቃ ጭኖ የተመለሰ ነጋዴ ገበያ እንዳልቀናው ይቆጠርበታል። የውባንተ በቅሎ ግን ሁልጊዜ ባዶዋን ትመለሳለች፤ እሱም በዚህ ይኮራል።

አንድ ዓመት ገበሬዎቹን፣ «የተጣመመባችሁን መልሱልኝ፤ ክረምቱ ሳይገባ በአዲስ እለውጥላችኋለሁ» አላቸው። ብረቱ ለስላሳ ኖሮ፣ ሃያ አራት ማረሻ ጫፉ እንደ በግ ቀንድ ተቆልምሞ ተመለሰለት።

«ይህን ጭኜማ በመንደሬ አላልፍም!» አለና ገበያው ዳር ባለው በባለእጁ በፈንቴ ደጅ አራገፈው።

«ጌታው፣ ምን ላድርገው?» አለ ፈንቴ ግራ ገብቶት።

«ከፈለግህ አጥር አጥርበት!»

ፈንቴ አንዱን አንሥቶ አገላበጠው። «ብረቱ ጤነኛ ነው፤ ሠሪው ነው የቸኮለው» አላት ሚስቱን አንጓችን። እሷ ወናፉን ነፋች፤ እሱ እያጋለ ቀጠቀጠ፤ ጫፉንም ውሃ ውስጥ እየነከረ አጠነከረው።

ዝናቡ በዚያ ዓመት ቀድሞ ጣለ። ወንዝ ሞልቶ ውባንተ ማረሻ የሚያመጣበት መንገድ ተዘጋ። የገበያው ቀን ሲደርስ ገበሬዎቹ ዋርካው ሥር ተሰብስበው አዲሱን ማረሻ ጠበቁ። ውባንተ ባዶ እጁን ቢቀርብ መሬታቸው ጦም ያድራል፤ ከእንግዲህም ቃሉን የሚያምን አይኖርም። በቅሎዋን እየጎተተ ወደ ፈንቴ ሮጠ።

«አንተ ፈንቴ! ሃያ አራት ማረሻ፣ አሁኑኑ!»

«አለ። ግን ጌታው፣ እነዚህ እኮ...»

«ታሪኩን ተወው! ምታና ድምፁን አሰማኝ።»

ፈንቴ በመዶሻ መታ አደረገው። ብረቱ እንደ ደወል ጮኸ። ውባንተ ዐይኑን ጨፍኖ አዳመጠ።

«ይኸ ነው ብረት! የኔው ሠሪ መጥቶ ከአንተ በተማረ። ምን ልስጥህ?»

ፈንቴ አንገቱን ሲያክ አንጓች ቀደመችው። «በቅሎዋን ይስጡን! ከቆላ ከሰል በጀርባዬ ሳመላልስ ጎበጥኩ።»

«በቅሎዬን?»

ከዋርካው ሥር «ኧረ ውባንተ የት ገባ?» የሚል ጩኸት ተሰማ። ውባንተ ልጓሙን አስጨበጣት።

ፈንቴ ማረሻውን ተሸክሞ ዋርካው ሥር አደረሰለት፤ ታደለም። አያ ደምሌ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ የደረሳቸውን ቀረብ አድርገው ተመለከቱት።

«ልጄ፣ ይህን ከየት አመጣኸው?»

«ከማንም ዘንድ የማይገኝ ነው፣ አባቴ። አዲስ!»

«አዲስ? ይቺን ጠባሳ እኮ እኔ ነኝ ከቋጥኝ ጋር ሳላትማት ያወጣሁባት። ያኔ የመለስኩልህ ነው!»

ሌሎቹም የየራሳቸውን ለዩ። አንዱ ማረሻውን ድንጋይ ላይ መታና፣ «ይጣመም እንጂ እስቲ! ካዲሱም በለጠ!» ብሎ ጮኸ።

ውባንተ ወደ ፈንቴ ዞረ። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ልነግርዎ ስል ‹ታሪኩን ተወው› አላሉኝም?»

ገበያው በሳቅ ተናጋ። ውባንተ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን የራሱ ሳቅ ሆነ። አለንጋውን በብብቱ ይዞ በእግሩ ሊሄድ ሲነሣ፣ አያ ደምሌ ማረሻቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ «አይዞህ ልጄ፤ የጣሉት ብረት፣ በቅሎ ያስረክባል» አሉት።