የጭልፊት መርዶ

ልጆቼ፣ ጠጋ በሉ። ተረት ላወራችሁ ነው፤ «እሺ፣ ሰማን» በሉኝ።

በጣም ድሮ አይደለም፤ ስልክ አገሩን ካዳረሰ ወዲህ ነው። አንዲት ዶሮ ነበረች። ባለቤቶቿ ከተማ ገብተው በዚያው ቀሩ። ልጆቿን ጭልፊት ወሰደባት። ግቢው ውስጥ የቀሩት እሷ፣ የተረፈቻት አንዲት ጫጩትና መስኮት ላይ የተረሳ ስልክ ናቸው። ቀኑ አይመሽላትም። የሚያናግራት የለም፤ ስልኩ ብቻ ያወራታል።

አንድ ቀን ስልኩ «ጭልፊት ሞተ» አላት። ዶሮ መሬት መጫሯን ቀጠለች።

ቆየት ብሎ «ጭልፊት ሞተ፤ ለቅሶው ሾላው ሥር ነው» አላት። ዶሮ አሁንም መጫሯን አልተወችም።

ሦስተኛ ላይ «ይኸው ፎቶው» አላት። ጭልፊት ክንፉን ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ተጋድሟል።

ወዲያው ቆቅና እርግብ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ።

«እትዬ ዶሮ፣ ተነሺ እንጂ። ለቅሶ ልንደርስ ነው» አለች ቆቅ።

«ልጆቼን ለበላብኝ ላልቅስለት?»

«ጠላትም ቢሆን ለቅሶ ይደረሳል። ነግ በእኔ ነው።»

«ደግሞ አገር ምድሩ እዚያ ነው» አለች እርግብ። «ከወገን ጋር ከተቀመጥሽ ስንት ጊዜሽ?»

ይቺ ነገር ዶሮን ነካቻት። ለጭልፊት አላዘነችም፤ ከወገን መሃል መቀመጡ ግን አማራት። ጫጩቷን አስከትላ እስከ በሩ ሄደች። በሩ ላይ ዞር ብላ ጫጩቷን ስታያት ፈራች። ተመልሳ ስልኩን ጠየቀችው።

«ማን ነገረህ?»

«ሌላ ስልክ።»

«ለእሱስ ማን ነገረው?»

«ሌላ ስልክ።»

«ሬሳውን በዓይኑ ያየ አለ?»

«እኔ እንጃ። የሰጡኝን አቀብላለሁ እንጂ እኔ አላይም።»

«እስቲ ፎቶውን መልሰህ አሳየኝ።»

አሳያት። ጭልፊት የተጋደመው አደይ አበባ መሃል ነው። ዶሮ ቀና ብላ ሜዳውን አየች። ወሩ መጋቢት ነው፤ ሣሩ ደርቋል። አደይ የሚፈነዳው በመስከረም ነው።

«ይሄ ፎቶ የዛሬ አይደለም። በመስከረም ፀሐይ ሲሞቅ ያነሱት ነው የሚመስለው።»

ቆቅ ሳቀች። «ቆቅ እኔ ነኝ አንቺ? እኔ ያልጠረጠርኩትን አንቺ ልትጠረጥሪ?»

«እባካችሁ ቅሩ።»

«እንዲህ እያልሽ ነው ብቻሽን የቀረሽው» አለችና ሄደች። እርግብም ተከተለቻት።

ዶሮ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ልቧ «ምናለ ብትሄጂ» ይላታል። ጫጩቷን ክንፏ ሥር አስገባችና አልሄደችም።

ሲመሻሽ እርግብ ብቻዋን መጣች። የአንድ ክንፏ ላባ ተነጭቷል።

«ቆቅስ?» አለች ዶሮ።

«ሬሳው ተነሳ» አለች እርግብ።

ዶሮ «ነግሬሽ ነበር» አላለችም። «ግቢ» ብቻ አለቻት። ጎን ለጎን ተቀምጠው ለቆቅ አለቀሱ። ለቀስተኛው እነሱ ብቻ ነበሩ። ስልኩ ግን አሁንም «ጭልፊት ሞተ፤ ለቅሶ ድረሱ» ይላል።

እና ልጆቼ፣ ስልክ ወሬ ሲያመጣላችሁ ማን አየ፣ መቼ አየ ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ አፍ ስለተቀባበለው እውነት አይሆንም። ማጣራቱ ሲቸግራችሁ ደግሞ እኔን ጥሩኝ፤ ሥራ ላይም ብሆን ጥሩኝ። ተረቴ እዚህ ላይ ቆመች፤ ለጎረቤት ልጆች አድርሱልኝ።

መርዶ ሳያጣሩ ነጠላ አያዘቅዝቁም።