ያልተወቀረው ወፍጮ

ተረት ተረት፤ ጆሮ ያላችሁ ቅረቡ።

አያ ዝንጀሮ ወፍጮ ቤት ከፈተ። አህያ ገብሷን ተሸክማ ዳገቱን ወጥታ ብታስፈጭ፣ ዱቄት ይሆናል ያለችው ክክ ሆኖ ወጣ።

«ኧረ አያ ዝንጀሮ፣ ድንጋዩ እኮ ለስልሷል! መውቀሪያህን አንሳና አሻክረው እንጂ! ልጆቼ ጦማቸውን ሊያድሩ ነው» አለች።

«ይደርሳል! ሁለተኛውን ወፍጮ የት እንደምተክል እያሰብኩ፣ ድንጋይ ስወቅር ልዋል እንዴ?» አለና በሩን ቀለም መቀባቱን ቀጠለ።

በሳምንቱም ያው ነው። በሩ ሌላ ቀለም ተቀብቷል፤ ገብሷ ግን እንደገባ ወጣ፣ አንዲት ፍሬ እንኳ አልተሰበረችም። አህያ ያንኑ ገብስ መልሳ ተሸክማ ቁልቁለቱን ስትወርድ፣ ዝንጀሮ ከኋላዋ ተጣራ።

«እመት አህያ! አይዞሽ፣ ሁለተኛውን ከደጃፍሽ እተክልልሻለሁ!»

ተረቴ አለቀ፤ አፌን የምታብሱበትን ዳቦ እህል ግን እባካችሁ ሌላ ወፍጮ ቤት አስፈጩት።