የአሎሎው ቋጠሮ

ዶክተር አምኃ ስሌት ለሚፈሩ የኮሌጅ ተማሪዎች የመግቢያ ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር። ታዲያ የእውቀታቸውን ያህል ኩራትም ነበራቸው፤ ጥያቄ የሚያነሳ ተማሪ ለእሳቸው የተዳፈራቸው ያህል ነው።

አንድ ቀን ከባድ የብረት አሎሎ በገመድ ከጣሪያው ሊያንጠለጥሉ ተነሱ። ተማሪዎቹ «እናግዝዎት» ቢሏቸው፣ «ለገመድ ደግሞ እናንተን ልጠይቅ?» ብለው ተቆጡና ጠረጴዛ ላይ ወጥተው፣ እንደ ጫማ ክር ሸብ አድርገውት ወረዱ።

ከኋላ ወንበር ሆና ይህን ሁሉ የምታይ አንዲት ምላሰኛ የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ነበረች። ጥያቄ ታበዛለች ብለው ዶክተሩ ቂም ይዘውባት ነበርና ጠሯት።

«ነይ፣ እዚህ ቁሚ! አሎሎውን አፍንጫሽ ድረስ ስቤ እለቀዋለሁ። ሄዶ ሲመለስ ከተነሳበት አያልፍም፣ አይነካሽም። የፊዚክስ ሕግ ነው! ከሸሸሽ ግን ሕጉን አታምኚም ማለት ነው፤ በሕጉ የማታምን ተማሪ ደግሞ የእኔን ትምህርት አታልፍም።»

ብትቆም አፍንጫዋ፣ ብትሸሽ ውጤቷ ነው። ልጅቷ መጀመሪያ አሎሎውን አየች፤ ከዚያ ገመዱን በዓይኗ ተከትላ ወደ ጣሪያው ቀና አለች።

«ኧረ ዶክተር፣ ሕጉንስ አምናለሁ» አለች በትሕትና። «ሕጉ የፈጣሪ ነው። ቋጠሮው ግን የእርስዎ ነው።»

ዶክተር አምኃ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። ግን ዓይናቸው ሳያስቡት ወደ ጣሪያው ሄደ፤ ቋጠሮውን አዩትና፣ ከአሎሎው አጠገብ ቀስ ብለው ፈቀቅ አሉ።